ከማተብ ጋር የወረደ ቁልፍ

ጥቅ. 4፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ጓጉንቸሩ አልተከፈተም። ሁለት የፀጉር ሽቦ ሰበርኩ፤ አንዱ ስባሪ ውስጡ ቀረ። የ7 ቁጥር ክፍል አንሶላ ሳይነጠፍ ዋለ። የማጸዳበት የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ አይቶ አለፈኝ። ቁልፋቸው የጠፋ አሮጌ ጓጉንቸሮች የሰጠኝም እሱ ነው፣ ተለማመጂባቸው ብሎ።

ደብተሬ፣ ለማን ልንገር፣ ላንቺው ልንገርሽ እንጂ። የእማዬ ሳጥን ቁልፍ አንገቷ ላይ ነበር፣ ከማተቧ ጋር ታስሮ። ድንገት አረፈች፤ በማግስቱ ተቀበረች። የገነዟት ጎረቤታችን እትዬ ዘውዲቱ ማተቧን አልነኩም። ማን ይነካል? ቁልፉም አብሯት ወረደ። እኔ ውጭ እያለቀስኩ ነበር። ትዝ ያለኝ ከሠልስቷ በኋላ ነው። እትዬ ዘውዲቱን ጠየቅኳቸው፤ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ስለነበር አይተው እንደሁ እንኳ አያስታውሱም።

ታላቅ ወንድሜ አያሌው አያምነኝም። ከእማዬ ጋር የኖርኩት እኔ ነኛ፤ ስለዚህ በሱ ቤት ቁልፉን የደበቅኩትም እኔ ነኝ፣ ውርሱን ብቻዬን ልወስድ። በአርባዋ ዕለት፣ እሑድ 23፣ ዘመድ ፊት ሳጥኑን በመጥረቢያ እፈልጠዋለሁ ብሏል። አያቴ ለሠርጓ ከዋንዛ ጠርቦ የሠራላት ሳጥን ነው። አይፈለጥም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ይኸው ሽቦ አግብቻለሁ።

ጥቅ. 8፣ ቅዳሜ

ገበያ ወረድኩ። ጋሽ ሰይድን አገኘኋቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሸና የሚመጡት ቁልፍ ሠሪ። ገና ሳልጨርስ የማን ሳጥን ነው አሉኝ። የእናቴ ብል አልበቃቸውም። እትዬ ዘውዲቱ ነጭ ሽንኩርት ይሸጡ ነበር፤ ጠርቼ አስመሰከርኩ። የሰው በር ለሚያይ ሰው ይህን አላሳይም አሉ። ደስ አለኝ፣ ቢያናድደኝም።

ሁለት መሣሪያ ብቻ። አንዱ ከሰጌቶ፣ ከብረት መጋዝ፣ ምላጭ የተሞረደ ጠፍጣፋ ብረት፣ ጫፉ የታጠፈ፤ የጓጉንቸሩን ሆድ በስሱ ወደ ጎን ለመያዝ። ሌላው ከዣንጥላ ሽቦ፣ አፍንጫው ቀና ያለ፤ ውስጥ የተደረደሩትን ፒኖች፣ ትንንሽ የብረት ዘንጎች፣ አንድ በአንድ ለማንሳት። ፒኖቹ አንድ ላይ አይጠብቁም፤ ሁልጊዜ አንዱ ቀድሞ ይነክሳል። መጀመሪያ እሱን ፈልጎ ማንሳት። ጠቅ ሲል ትቶ ወደሚቀጥለው። ወደ ጎን የያዘው እጅ ከላላ ሁሉም ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ከጠነከረ ደግሞ ንክች አይሉም።

እኔ የማጠነክረው ወገን ነኝ። እጄን አይተው «እቱ፣ አህያ እየጎተትሽ አይደለም እኮ» አሉኝ። ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ መሳቄ ገና ዛሬ ነው።

ጥቅ. 11፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ተከፈተ። ትንሹ የነሐስ ጓጉንቸር፣ 4 ቁጥር ክፍል አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ። እጄን ሳላላው እሺ አለ። ዘግቼ ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ አኮረፈ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሯ ትሄዳለች ይላሉ፤ የኔዋ ዛሬ አንድ እግር አወጣች።

ጥቅ. 15፣ ቅዳሜ

የሳጥኑን ቁልፍ ቀዳዳ በወረቀት ስዬ ለጋሽ ሰይድ አሳየሁ። የድሮ ሥራ ነው፣ ፒን የለውም አሉ። አንድ የብረት ምላስ፣ እሱን ደግሞ የሞላ ጥቅልል እየገፋው የሚጫን ስስ ብረት። በአንዱ ሽቦ ስሱን ማንሳት፣ ሳይለቁ በሌላው ምላሱን መግፋት። መጀመሪያ ላምባ ጠብ ይደረግበት፣ ዝገቱ እንዲለቅ። ሁለት ወፍራም ሽቦ እዚያው አጥፈው ሰጡኝ።

ጥቅ. 18፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ቤት ብቻዬን ነኝ። ላምባው ሠርቷል። ስሱ ብረት ተነሳ። ምላሱ መሄድ ጀመረ፣ ግማሽ ድረስ። እጄ ላይ ተሰማኝ።

አቆምኩ።

አሁን ብከፍተው አያሌው ምን ይላል? ይኸው ቁልፉ እሷ ጋ ነበር ይላል። በሽቦ ከፈትኩ ብል ማን ያምነኛል? ለቀቅኩት፤ ምላሱ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አያሌውን ጠላሁት። በእማዬም ተናደድኩ፤ ምናለ ትርፍ ቁልፍ ብታስቀርጽ።

የምከፍተው በቀን ነው፣ ሁሉም እያዩ፣ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ።

ጥቅ. 20፣ ሐሙስ

አያሌው መጣ። ነገርኩት። ሳቀብኝ። የነፍስ አባታችን አባ ጸበል ጸዲቁን እስኪባርኩ ካልከፈትሽ መጥረቢያው ይሠራል አለ። እሺ አልኩ። አንድ ነገር ጨመርኩ፤ የዚያን ዕለት ሚስትህ አንገቴንም ቀሚሴንም ትፈትሽ። አንገቱን ደፋ። አያስፈልግም ይላል ብዬ ነበር። ይሁን አለ።

ጥቅ. 23፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ሚስቱ ፈተሸችኝ። ከሽቦዎቼ በቀር ቁልፍ አላገኘችም። ሳጥኑን ድንኳኑ መሐል አወጡት። መጥረቢያው ከአያሌው እግር ሥር።

ሽቦው አንዴ ሾለከ። ሁለቴ። አባ ለመባረክ ተነሱ። እኔ አሁንም እያጠነከርኩ ነበር። እጄን አላላሁት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስሱ ተነሳ፣ ምላሱ ሄደ። ክዳኑን አልነካሁትም። ክፈተው አልኩት።

አያሌው ከፈተ። ከላይ ነጭ ጨርቅ፣ ተጣጥፎ፣ ያልተለበሰ። የራሷ ፈትል። ከዳር እስከ ዳር ቁመቷን ያህል። እትዬ ዘውዲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መግነዟ ነበር። ለራሷ አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች። እኛ በሱቅ አቡጀዴ ቀበርናት፣ አያሌው ሮጦ በገዛው።

መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይቅርታ አለ፣ እኔን ይሁን እሷን አልለየሁም። አባ፣ መግነዙ መግነዝ ለሌለው ድኻ ይሁን አሉ። ሁለታችንም አቅፈን ሰጠናቸው።

የቀረውን ቀሚሷንና ነጠላዋን መለስኩ። ልቆልፈው ሽቦዬን አነሳሁ። አያሌው እጄን ያዘኝ፣ ተይው አለ። ተውኩት። ከእንግዲህ ይህ ሳጥን አይቆለፍም።