ዳማ ቀሚስ

ተሼ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። አሁንም የግቢው በር ሲንኳኳ አንተ ትመስለኛለህ፤ ሞኝ ነኝ አይደል?

ቤታችን ደህና ነው። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈበት። ስትረግመው የኖርከው ጭቃ ሲጠፋ አንተ የለህም፤ ይሄም ያናድደኛል።

ልጃችን ትዕግሥት በሙት ዓመትህ ጥቁሬን ልታስወልቀኝ ቸኩላለች። ምን ዓይነት ቀሚስ ልግዛልሽ ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ዳማ ነው። ዳማ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይታይህ፣ ያንተ ልጅ ዳማን ሳታውቅ! ቀይና ቡኒ ሲዋሃዱ የሚወጣው ቀለም እንደሆነ፣ ባገርህ ፈረስ እንደሚጠራበት፣ አንተ ግን ለእኔ መልክ እንዳደረግከው ነገርኳት። እናቴ ቀይ ትለኝ ነበር፣ ጎረቤት ጠይም ይለኛል፤ ዳማ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ። መጀመሪያ ሰሞን ከፈረስ ጋር አስተካከልከኝ ብዬ አኩርፌህ ነበር። ፈረስ እንዴት እንደምትወድ ሳውቅ ግን ኮራሁበት።

በየበዓሉ ዳማ ቀሚስ ልግዛልሽ ትለኛለህ፣ እኔም ከገላዬ ጋር ይመሳሰላል፣ የለበስኩ አልመስልም እያልኩ ነጭ አስገዛሃለሁ። ለዚያ ነዋ የፈለግኩት ብለህ ትስቃለህ። ምናለ አንድ ቀን እንኳ ለብሼልህ ቢሆን! ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው ተሼ፤ ትንሽ ነገር ነበረች።

ትናንት ከትዕግሥት ጋር አስራ ስምንት ማዞሪያ ሄደን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ዳማ ስላቸው ቡኒ ያወጣሉ፣ አንዷማ ወይን ጠጅ አመጣችልኝ። በመጨረሻ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁና ይሄን የሚመስል አልኳት። ተገኘ። ስለካው እጅጌው የት እንዳለቀ፣ ክንዴ የት እንደጀመረ አልለይ አለኝ፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሻጯ ያልወደድኩት መስሏት ሌላ ልታወርድልኝ ወንበር ላይ ወጣች።

በሙት ዓመትህ ይሄን ለብሼ መቃብርህ ዘንድ እመጣለሁ። ሰው ተጽናናች ይበል። ጥቁሩን ባሏ የሞተባት ሁሉ ትለብሰዋለች፤ ይሄን ግን የምለብሰው ላንተ ነው፣ ዘግይቼም ቢሆን። ከእንግዲህ ማንም አንተ ባወጣህልኝ ስም አይጠራኝም። እኔ ግን አንተ ጋ እስክመጣ ድረስ እይዘዋለሁ።

ዳማህ