እናቴ ሽልማት መስሏት ስላየችው ንግግርዎ

ለክቡር ሴናተር ሎይድ ቴተርማን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የግዛትዎ ስንዴ ደህና ገባ? ከብቱስ? አዲሱ የሴኔት ወንበር ለወገብዎ ይመችዎ ዘንድ ከፍራንክፈርት፣ ከኒድ ሰፈር፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ብዙ የማልናገር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አላወጣም። ስለዚህ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ፤ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው።

ወንድሜ አምሃ ዲቪ ደርሶት ወደ ግዛትዎ የሄደው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፣ ከዚያ ወታደር ሆነ፣ ዜግነት አገኘ፣ ወደ ጦርነቱ ተላከ። ምርጫዎ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሞተ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ሌላ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ቤት ድረስ መጥተው ነው የሚያረዱት። አምሃ ይህን ስለሚያውቅ፣ አንድ ነገር ቢደርስበት ለማን ይነገር የሚለው ቅጽ ላይ የእናታችንን ሳይሆን ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን የጋሽ ትኩእን ስልክ ነበር የሞላው። ለጋሽ ትኩእ ረቡዕ ተነገራቸው። እናቴ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ፈረቃዋን እስክትጨርስ፣ ሰውም እስኪሰባሰብ ብለው ለቅዳሜ ቀጠሩ። ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም። እርስዎ ግን ቅዳሜን መጠበቅ ስላልቻሉ፣ በዚያው ረቡዕ የቤት ግድግዳ የሚያህል የወንድሜን ፎቶ ከኋላዎ ሰቅለው መድረክ ላይ ወጡ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። ሐሙስ ዕለት ቪዲዮው አገር ላገር ዞሮ እናቴ ስልክ ላይ ደረሰ። እናቴ ሸዋገነት እንግሊዝኛ አታውቅም። ያየችው ልጇን በወታደር ልብሱ፣ እርስዎን እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ደግሞ ቆሞ ሲያጨበጭብ ነው። ኬክ ገዝታ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ “ዮርዲዬ፣ ወንድምሽን ሸለሙት! ነይ፣ ምን እንደሚል ንገሪኝ” አለችኝ።

የቤታችን አስተርጓሚ እኔ ነኝ። የጆብሴንተሩን፣ የሥራ ቢሮውን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ቴርሚን፣ ቀጠሮውን፣ ሁሉንም የማነብላት እኔ ነበርኩ። ንግግርዎ አራት ደቂቃ ነው። “ሕይወቱን ሰጠን” ያሉት ሃያኛው ሰከንድ ላይ ነው። የቀረውን ጊዜ ስለ ራስዎ ስለተናገሩ ፊቴን ማስተካከያ ጊዜ አገኘሁ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከዚያ “አዎ እማዬ፣ ጀግና ነው ይላል” አልኳት። ይህንን በእርግጥ ብለዋል።

ኬኩን በላን። እናቴ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ሳይቀር ደወለች። ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ያሉት እትዬ ጽገ መርዶውን ሰምተው ስለነበር ቶሎ ተሰናብተው ስልኩን ዘጉ፤ እናቴም “ጽገ ቀናችብኝ መሰለኝ” ብላ ሳቀች። ቅዳሜ ሲነጋ ጋሽ ትኩእና ሌሎቹ በራችንን ሲያንኳኩ፣ “እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መጡ!” እያለች ባዶ እግሯን ሮጣ የከፈተችላቸው ራሷ ናት።

ሦስተኛ፣ ወንድሜ ከጦር ሜዳ የምርጫ ድምፁን በፖስታ ልኮልዎ ነበር። ልጆቹን ከጦርነቱ ወደየቤታቸው እመልሳለሁ ስላሉ እርስዎን እንደመረጠ በስልክ ነግሮኛል። እሱን መልሰውታል። ቃልዎን የሚጠብቁ ሰው ነዎት።

አሁን ደብዳቤ ሲመጣ እናቴ የምታስነብበው ጎረቤታችንን ሳልማን ነው። ደብዳቤውን እፊቴ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ደረጃውን ትወርዳለች። እኔን ምን ይላል ብላ አትጠይቀኝም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ያ ትልቅ ፎቶ ከመድረኩ ወርዶ የት እንደተጣለ ቢያሳውቁኝ ውለታዎን የማልረሳ፣

የወታደርዎ የአምሃ እህት፣
ዮርዲ

ማስታወሻ፦ ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ምን እንደሚል የሚነግርዎ ሰው መፈለግዎ አይቀርም። የሚያገኙት ሰው የራስዎ ልጅ እንዳይሆን እጸልይልዎታለሁ።