የሞተሬ ጉልበት የት ገባ?

ሰኞ

ቆመች! ሱሉልታ አቀበት ላይ፣ በርበሬዬን እንደጫነች ቀጥ አለች። ሹፌሬ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሲያስገባ እኔ ቢስሚላህ እያልኩ ወረድኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ "እትዬ፣ ግፊያት!" እያለ ይስቃል። ግማሹን ጆንያ በሰው መኪና ላክሁት።

መቶ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት አላት ተብዬ የገዛኋት መኪና ናት እንግዲህ። መርጦ ያስገዛኝ ታናሽ ወንድሜ ከድር ነው። እኔ በርበሬ በረንዳ ያደግሁ የበርበሬ ነጋዴ ስለ ሞተር ምን አውቄ? ከድር ካለ አለ ብዬ ነው።

ማክሰኞ

ከድር ሱቅ መጣ፣ ሳይቀመጥ ማብራራት ጀመረ። ፋብሪካው የሚለካው ሞተሩን ብቻውን መለኪያ ላይ አስሮ ነው አለ። አየሩንም እንደ ባሕር ጠረፍ ቆላ አየር አስቦ። ከዚያ ማርሹም፣ ጉልበቱን ለጎማ የሚያካፍለው ዲፍረንሻልም የየራሳቸውን ይበላሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይታፈናል። "ወረቀት ላይ ያለው ፈረስ ሁሉ ጎማ ጋ አይደርስም እትዬ።"

አነጋገሩ ደስ አለኝ። ያስተማርኩት እኔ ነኛ!

ረቡዕ

ልቤ አላርፍ ቢለኝ አብነት አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። መኪና ባለችበት ቆማ ጎማዋ ብረት ላይ የሚሽከረከርበት መለኪያ አላቸው። መካኒኩን ጋሼ ታደሰን "እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። ሞተሩ አጓራ አጓራና ስልሳ እንኳ አልሞላ!

"ወንድምሽ ያለው ልክ ነው" አሉኝ። "ማርሹም ይበላል፣ ከፍታውም ይበላል። ግን ከግማሽ በላይ አይበሉም። ይሄ ሞተር ከትንሽ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ነው።"

ያ ረቢ! ሻጩን ስረግም ዋልኩ። ለከድር ደውዬ "ተታለልን" አልኩት። ተታለልን! ሞኝነቴን እዩልኝ።

ሐሙስ

ከድርን ሻጩ ጋ አብረን እንሂድ ስለው "ተይው፣ ከሰው አንጣላ" ይለኛል። መኪና ማቆሚያ ላይ ከሰው የሚተናነቀው ልጅ! የሱም መኪና ከእኔዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት። "እሺ፣ ያንተንም እዚያው ብረት ላይ እናውጣት። እሷም እዚሁ ከፍታ ላይ ነው የምትሠራው" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"የኔ ሞተር ተቃጥሎ ነበር" አለኝ። "መኪናሽን ለሰርቪስ ብዬ ስወስዳት ያንቺን ለኔ አዞርኩት፣ ላንቺ ሌላ አስገጠምኩ። አታውቂም ብዬ..."

አታውቂም! አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከአፌ ነጥቄ ያሳደግሁት ልጅ! የበርበሬ መስፈሪያውን ወረወርኩበት። ሳተው፤ መሳቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅዳሜ

የሱሉልታው ደንበኛዬ የቀረውን ግማሽ ይጠብቃል፣ የሚከራይ መኪና ጠፋ። ከድር በራሱ መኪና መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያየኝም። "እኔ ላድርስልሽ እትዬ። ሰኞ ሞተርሽን እመልሳለሁ፣ ወላሂ።"

ልመነው? አላውቅም። አስጫንኩና ጋቢና ገባሁ።

የቆምንባት አቀበት ላይ ስንደርስ በሩን ጨበጥኩ። ምንም! እንደ ሜዳ ወጣናት። በርበሬው የኔ፣ ሞተሩ የኔ፣ መሪውን የያዘው የእናቴ ልጅ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

"በርበሬው ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።