ለነብሮ የሰጠሁት ጉበት

እታለም ጥሩነሽ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ አሰላ ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እማዬስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ የአፍደምን ሙቀት ችዬ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ሰውነቴን ነው።

ስለ ሎሚ ጠይቀሽኛል። በጡጦ ያሳደግሻት ውሻ እዚህ የቆሰለ አውሬን በደሙ ዱካ ተከትላ የምታገኝ ሆና ነበር። ልጇን ነብሮንም በደም የተነከረ ቆዳ እየጎተትኩ ያንኑ ሥራ አስተማርኩት። ውሻው ዱካውን ሲጨርስ እዚያው ጉበት ይሰጠዋል። አንዴ ካስቀረሽበት ሁለተኛ አይሠራልሽም።

ባለፈው ቅዳሜ እንግዶች ይዞ አደን የሚወጣው አለቃዬ በዛብህ (አንቱ የምለው ፊት ለፊት ብቻ ነው) አንድ አጋዘን ሆዱን መትቶ አቆሰለ። ሎሚ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘችውና እንደ ልማዷ ሳትነክሰው አጠገቡ ቆማ ጮኸች። መንገድ መሪያችን ዐብዲሓኪም የአውሬው ነፍስ ሳትወጣ ካላረደው ቤተሰቡ ሥጋውን አይቀምሰውም፤ ስለዚህ ቢላዋው እስኪደርስ ማንም አይተኩስም። በዛብህ ግን እንግዶቹ ፊት መጠበቁን እንደ ውርደት ቆጠረውና ደግሞ ተኮሰ። ጥይቱ አጋዘኑን ስቶ ሎሚን አገኛት። እያለቀሰች እሾሁ ውስጥ ገባች። ዐብዲሓኪም አጋዘኑን ደርሶ አረደው።

ልከተላት ስል በዛብህ ያዘኝ። ሲጋራውን ለኮሰና፣ «ነብሮን አምጣው፤ ከዚህ የተሻለ ፈተና አናገኝለትም» አለኝ። እንግዶቹ ሳቁ። ውሻ ሲነካው ልብሱን የሚያጥበው ዐብዲሓኪም ብቻ ፊቱን አዞረ። እንጀራዬ ነውና ነብሮን አመጣሁት።

አንድም ጊዜ አልሳተም፣ እታለም። የእናቱን ደም እያሸተተ ቀጥ አድርጎ ወሰደኝ። ሎሚ ግራር ሥር ተኝታለች፣ ነፍሷ አልወጣችም። እኔን ስታይ ጅራቷን መሬት ላይ መታች። ነብሮ ግን እሷን አላያትም፤ እጄን ነበር የሚያየው። በዛብህ ከኋላዬ፣ «ስጠው እንጂ፣ ሥልጠናውን ልታበላሽ ነው?» አለ። ራሷ ካገኘችው አጋዘን የተቆረጠውን ጉበት ሰጠሁት። እሷ እያየችው በልቶ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው የሞተችው። በዛብህ የነብሮን ራስ እየዳበሰ አመሰገነኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን ባስልዮስን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ሄርሜላን አገላብጠሽ ሳሚያትና ሎሚ ሞተች ብቻ በያት፤ እንዴት እንደሆነ አትንገሪያት። የሎሚን ልጅ ላክልኝ ያልሽውን ግን ተይው። ትናንት በዚያ ግራር በኩል ሳልፍ ነብሮ ገመዱን ጎትቶ ወሰደኝ። ደሟ በደረቀበት አፈር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ እጄን ያይ ጀመር።

ወንድምሽ መላኩ
አፍደም፣ ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.