እማዬ የወደቀችበት ፈተና

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብል ይሻላል። እማዬም ደፋ ቀና ትላለች።

በስልክ «አባዬ እንዴት እንዲህ ሆነ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ለቅሶ አላስወራኝም። አሁን ልጻፍልህ።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። «አባታችሁ ልክ አይደለም። የሞተች እናቱን ይጣራል፤ ጫማውን ራሱ ደብቆ ሰረቅሽኝ ይለኛል» አለችኝ። ሁለቱንም ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም የማስታወስ ፈተና ነው ብሎ አባዬን ቀኑን ጠየቀው፤ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰ አስቆጠረው፤ ሰዓት አሳለው። አባዬን ታውቀው የለ፤ ዕድሜ ልኩን ርዕሰ መምህር የነበረ ሰው ፈተና ፊት ሲቀመጥ ነፍስ ይዘራል። ሁሉንም መለሰ። እንዲያውም የሐኪሙን የፊደል ግድፈት አረመለት። ተሳሳቅን።

«እናትንም እንያቸው» አለ ሐኪሙ። እማዬ የእርሳስ አያያዙ ጠፋት። «ሰባት ሰባት መቀነስ ለምን ይጠቅማል ልጄ?» ብላ ልትቀልድ ሞከረችና አፍራ እርሳሱን መለሰችለት። አባዬ ጤነኛ፣ እማዬ በሽተኛ ተብለው ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ እሷ ስለ አባዬ ባነሳች ቁጥር እኛ መተያየት ሆነ። የታዘዘላትን ክኒን የሚሰጣት እሱ ነው። ክኒኑ ያስተኛታል። «ወጥታ እንዳትጠፋ» ብለህ ስለመከርክም ቁልፉ በእሱ እጅ ገባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆልፎባት ወጣ። ስትነቃ በመስኮት «ባሌ ጠፍቷል፣ ፈልጉልኝ» ብላ ተጣራች። ጎረቤቶች ሰምተዋታል፤ «ምስኪን፣ ዛሬም ተነሳባት» ብለው አለፉ። እኔ ከሥራ ስገባ ዝናቡ ገና አላባራም። አባዬን በማግስቱ ድሮ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሕይወቱ አልፎ አገኘነው። ክራቫቱን አስሯል።

በኋላ አንዲት አንጋፋ ሐኪም አስረዱኝ። «ብዙ የተማረ ሰው በሽታው ገፍቶበትም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ይወድቃል። ዕድሜውና ትምህርቱ ካልታየ ውጤቱ ያሳስታል» አሉኝ። እማዬን ስለ ኑሮዋ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሰሞኑ ሁሉ አጫወቷት። ለዕድሜዋ ምንም አልጎደላትም ብለው ክኒኑን አስቆሙ።

እና እማዬን መጦሪያ ቤት ስለማስገባት የጀመርከውን ነገር ተወው። ባለፈው ስትደውል «እሷ እንደሁ መሞቱም አይገባት» ያልከኝ ጊዜ፣ ድምፅህ ይናፍቃታል ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አጠገቧ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር። እማዬ የአባዬን ሸሚዞች ማጠፏን ቀጠለች።

ይህን ስጽፍ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ልጆቹን ይሳምልኝ» አለች።

ፈጣሪ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ታናሽ እህትህ