ከቀኝ ያነበብኳት ጨረቃ

ሰኞ

ራሷ ናት የጠየቀችኝ፤ እኔ አልጠየቅኳትም። የልጅ ልጄ ሐያት ለኮሌጅ ትምህርቷ የምታጠናውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ራፓ ኑይ ከሚባል ሩቅ ደሴት የመጣ እንጨት ነው፤ ላዩ በጥቃቅን ቅርጽ ተሞልቷል። ጽሑፉን እስካሁን ማንም አልፈታውም። አንዱ ክፍል ግን የወር አቆጣጠር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ጨረቃዎች ተደርድረዋል፣ በመሃላቸው ዓሣ አለ።

"እማማ፣ አንቺ ጨረቃ ታውቂያለሽ፣ ራይት?"

አውቃለሁ እንጂ። አገር ቤት የረመዳን ጨረቃ ታየች አልታየችም እያሉ ወንዶቹ ሲጨቃጨቁ እኛ ሴቶች አይተናት ገብተን ነበር።

ግሪን ቫሊ ራንች የሚሉት ሰፈራችን መኪና ለሌለው ሰው እስር ቤት ነው። በዚህ ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ ሐያት ብቻ ናት።

ማክሰኞ

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፤ እዚሁ አውሮራ ከተማ፣ መስጊድ፣ ከሴቶቹ ጋር። መጀመሪያ የቁርኣኑን፣ ቀጥሎ የአማርኛውን። አባቴ ወንድሞቼን ሼኹ ዘንድ፣ እኔን ውሃ ላከኝ። አላህ ይማረው እላለሁ፤ ከአፌ ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ምልክቱ ገባኝ። ዓሣው መጀመሪያ በአፍጢሙ ተደፍቷል፤ ከሙሉዋ ጨረቃ በኋላ ቀና ይላል። ሰዎቹ ወራቸውን በሐዘን ጀምረው በደስታ ይጨርሳሉ ማለት ነው። ለሐያት ነገርኳት። "ዋው እማማ!" ብላ ሳመችኝ፤ ጻፈችው። እራት ደግሜ በላሁ።

ሐሙስ

ሐያት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሳትወርድ ብዙ ቆየች። ክፍል ውስጥ ሳቁባት። ጽሑፉ ከግራ ነው የሚጀምረው፤ መስመር ባለቀ ቁጥር እንጨቱ ይገለበጣል። እኔ እንደ ቁርኣኑ ከቀኝ ጀምሬ፣ የምትሞላውን ጨረቃ የምትጎድል አደረግኳት።

"ከየት እንደሚጀመር ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አይ ትረስትድ ዩ" አለችኝ፤ አምኜሽ ነበር ማለቷ ነው፤ በሯን ዘጋች።

እናቷ ሰሚራ ከሥራ ገብታ፣ "እማዬ፣ አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?" አለች። ይቺም ልጅ ተብላ!

አርብ

በረዶው ጠቁሯል። ሐያት ሳታናግረኝ ወጣች። አልለመንኳትም። ውሸቴን ነው፤ በሯ ላይ ቆሜ ለምኛታለሁ። ጁምዓ አልሄድኩም፤ ለሰሚራ እግሬን አሞኛል አልኳት።

ቅዳሜ

ጠዋት ሐያት ፎቶውንና ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። ጽሑፏን ማስተካከል አለባት።  በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ አንዷን ቅርጽ በጣቴ ነካሁ፤ "ይቺስ?"

"አላውቅም። ኖባዲ ኖውስ፣ እማማ።"

"እኔም አላውቅም" አልኳት። ይህን ቃል ለልጅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ላፕቶፗን ትታ ብድግ አለች። በቃ፣ ሄደች አልኩ።

የላፕቶፗን ቻርጀር ይዛ ተመለሰች፤ አጠገቤ ተቀመጠች።