ለብ ያለው ጠርሙስ

ሰኞ

እናቴን በጸበል ዋሸኋት።

እግሯ ካበጠ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለችም፤ ጾሙን ግን አልተወችም። እህል የምትቀምሰው ቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ሲወጣ የማመጣላትን ጸበል ከጠጣች በኋላ ነው። እኔም ታይዋን ገበያ ውስጥ ያለችውን የልብስ ሱቄን ስድስት ሰዓት ዘግቼ ማስቀደስ ነበረብኝ። ለአምስት ደቂቃ ብዬ ያልተፈታው የልብስ ጥቅል ላይ ጋደም አልኩ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፣ ይሄዳል። በሕልሜ የደቻቱ ወንዝ ሞልቷል፤ ውሃው ግን ድምፅ የለውም። እናቴ ማዶ ቆማ ባዶ ጠርሙስ ታሳየኛለች። ስነቃ ዘጠኝ ከሩብ።

የጸበሉን ጠርሙስ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቧንቧ ሞላሁት። እናቴ አማትባ ጠጣች። በተረፈችው ጠብታ እግሯን አሸች። ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ

ዛሬ እንኳ አልተኛሁም። ጉዱ ይሄ ነው። ፀሐዩን አየሁና ታከተኝ፤ እንደገና ቧንቧ።

ሃይማኖቴን አልካድኩም እኮ። ብክድ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አንድ ነገር ቆርጫለሁ እል ነበር። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እጄ ራሱ ያማትባል፤ እኔ ግን የለሁበትም። ሰባኪዎች ለብ ያለ ሰው ሲሉ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት። ከማንም አልተጣላሁም፣ የደረሰብኝም ነገር የለም። እንዲሁ እንቅልፍ እንደሚወስድ ወሰደኝ።

መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ምሳ ስበላ ሐሊማ አገኘችኝ። የጎን ሱቅ የእሷ ነው፤ ረመዳን ይዛለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። እንዳላስጎመጅሽ ብዬ ነው የተደበቅኩት አልኳት። "አቦ ብዪ፤ እኔ ነኝ እንዴ የምጠይቅሽ?" ብላኝ ሄደች። የቀረውን ምሳ ከደንኩት።

ረቡዕ

እናቴ ያንኑ የቧንቧ ውሃ ጠጥታ፣ "የእግሬ እብጠት ጎደለልኝ፤ ጸበሉ ሠራ" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ቢሻላት ማን ይጠላል? ግን በቧንቧ ውሃ ተሻላት ብዬ ለማን ልናገር? ነገ ደግሞ ለጎረቤትም እንድትሰጥ ሁለት ጠርሙስ አምጪ ተብያለሁ። ውሸቴ ሰፈር ሊዳረስ ነው።

ሐሙስ

ሁለት ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ።

ቅዳሴው ላይ ያሰብኳቸው፦ ጉልበቴን። ሱቁን መቆለፌን። ከፊቴ የቆመችውን ሴት የነጠላ ጥለት። እንቅልፍ። እናቴ ብትሞትስ። እዚህ ላይ ቆየሁ። "አቤቱ" አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ የምለው አጣሁ። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ግድግዳ ተደግፌ በቁሜ ሳንጎላጅ ደቻቱን መልሼ አየሁት፤ ውሃው ጎድሎ አሸዋው ብቻ ቀርቷል። ሕዝቡ ሲሰግድ ነቃሁና አብሬ ሰገድኩ።

ከጋኑ ሲቀዱልኝ ጸበሉ ቀዝቃዛ ነበር። በባጃጅ ቤት እስክደርስ ለብ አለ፤ ከቧንቧው በምን ይለያል? ሁሉንም ልነግራት ቆርጬ ገባሁ፤ ግን ጠርሙሱን ብቻ ሰጠኋት።

እናቴ አንዴ ተጎነጨችና ጠርሙሱን አሸተተች። "ዛሬስ ሄደሻል" አለች። ጋን ጋን ይላል አለችኝ፤ የሰኞው ብረት ብረት ይል ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? አልኳት። "ራስሽ እስክትነግሪኝ" አለች። እግርሽስ? "የት ጎድሎ! ትደነግጪ እንደሆነ ብዬ ነው።" ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። እንደ ሰኞው ነው፤ እንዲያውም ብሷል። በጣቴ ስጫነው ሰረጎደ። ቤተ ክርስቲያን የጠበቅኩት እንባ ያኔ መጣ፤ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"እኔም ዋሽቻለሁ፣ አንቺም ዋሽተሻል" አለች። "እሑድ የንስሐ አባታችን ሲመጡ ሁለታችንም እንናዘዛለን። አንቺ ትቀድሚያለሽ።"

ለብ በማለቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። "ድሬ ላይ የማይሞቅ ምን አለ? ጸበል ነው" ብላ ጨለጠችው።

ዓርብ

ጧት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ሳምንት ተመለሱ ብለዋል። ከዚያ በላይ ያሉት ነገር የለም።

አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የምጽፈው ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ዓይኔ ይከብዳል። ልቤ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው፤ የተለወጠ ነገር አለ ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። ሐሊማ ብቅ ብላ፣ "አትሄጂም እንዴ አቦ? ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ አይልሻለሁ" አለችኝ።

ጠርሙሶቹን ጧት አጥቤ አምጥቻቸዋለሁ። አሁንም ሁለት ናቸው። ለጎረቤት የተባለው እኔን ለማስደንገጥ የእናቴ ዘዴ ነበር፤ ሁለተኛውን የምቀዳው ለራሴ ነው።